እትዬ ከድጃና ያልተሳፈሩበት ባቡር

በላስ ቬጋስና በዙሪያዋ ለምትኖሩ፣ እትዬ ከድጃ ይማምን ለምታውቁ ሁሉ። እትዬ ከድጃ ባለፈው ሐሙስ ሱብሒ ከሰገዱ በኋላ ዊንቸስተር ሰፈር ባለው አፓርታማቸው ዐርፈዋል። ልባቸው እንደደከመ ሐኪም ከነገራቸው ቆይቶ ኖሯል። እኛ አልሰማንም፤ «ሰው ሁሉ የራሱ አለው» እያሉ የራሳቸውን ሕመም ለማንም አያወሩም ነበርና። ዓርብ ዕለት ተሰግዶባቸው ተቀብረዋል። አላህ ይዘንላቸው።

ይህን የምጽፈው ከለቅሶ ቤታቸው ተመልሼ ነው። እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ይህ ወረርሽኝ ከገባ ወዲህ ስንቀብርና ስናጽናና ስለኖርን ለሐዘን የሚሆን ቃል ያለቀብኝ ይመስለኛል። ነገር ግን እርሳቸው ደከመኝ ብለው ከማንም ለቅሶ ቀርተው አያውቁም፤ እኔም ደከመኝ ብዬ ዝም ብል ያሳፍረኛል።

ያወቅኋቸው በሥራ ነው። ከአዲስ አበባ በመጣሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ካዚኖዎቹ በተደረደሩበት ጎዳና፣ ስትሪፑ ላይ ባለ አንድ ሆቴል በክፍል ጽዳት ስቀጠር፣ እንዲያሠለጥኑኝ የተመደቡት እርሳቸው ነበሩ። የመጀመሪያ ቀን ከአንሶላው ጋር ስታገል ቆመው አዩኝና «አንቺ ልጅ፣ አልጋውን አትጣዪው፤ ዙሪውና አንጥፊው» አሉኝ። ቀጭን ነበሩ፤ ድምፃቸውም ቀጭን ነበር። ጋሪያቸውን ሲገፉ ግን ኮሪደሩ ሁሉ መንገድ ይለቅላቸዋል። በእነዚያ ሳምንታት ክፍሎቼ ሳያልቁ ሺፍቴ ያልቅ ነበርና ሁልጊዜ በሩ ላይ ብቅ ይሉ ነበር። «አብሽሪ፣ የእኔ አልቋል፤ መታጠቢያ ቤቱን ልያዝልሽ» ይሉኛል። የእርሳቸው እንዳላለቀ ያወቅሁት ሱፐርቫይዘሯ ስትቆጣቸው ሰምቼ ነው። ጠየቅኋቸው። «ቢያልቅም ባያልቅም ያው ነገ ይቆሽሻል» ብለው ሳቁ።

መኪና ነድተው አያውቁም። በዚህ ከተማ መኪና የሌለው ሰው እግር እንደሌለው ነው የሚታየው፤ ላድርስዎ ያላቸውም ብዙ ነው። መልሳቸው አንድ ነበር፤ «አንቺም ውለሽ ደክሞሻል። የአውቶቡሱ ሾፌር ደግሞ ለዚሁ ይከፈለዋል።» እንዲህ እያሉ በዚያ ሐሩር ፌርማታ ላይ ጥላ ይዘው ይቆማሉ። ስንት ጊዜ መኪናዬን አቁሜ ለምኛቸው፣ በእጃቸው ሂጂ ብለውኝ እንደሄድኩ አላስታውስም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ በወረርሽኙ ሆቴሎቹ ሲዘጉ ሁላችንም ቤት ገባን። በዚያው ዓመት፣ እዚሁ ያሳደጓት አንድያ ልጃቸው ሀናን፣ ለሥራ በሄደችበት በኒው ኦርሊንስ ወንድ ልጅ ወለደች። አያትየው የልጅ ልጃቸውን የሚያዩት በስልክ ብቻ ሆነ። ክትባቱ መጥቶ መንገድ ሲከፈት «በባቡር እሄዳለሁ» አሉ።

«እትዬ፣ አውሮፕላን እኮ በግማሽ ቀን ያደርስዎታል» አልኳቸው።

«ወደዚህ አገር በአውሮፕላን አምጥተው ጣሉኝ። ከዚያ ወዲህ ያየሁት የሆቴል ኮሪደርና የአውቶቡስ መስኮት ነው። አሁንስ አገሩን ልየው እንጂ! ደግሞ የሀናን ከተማ የድሮ ናት አሉ፤ ሰገነቱ፣ በረንዳው፣ ሁሉም እንደነበረ። እዚህ እኮ ሆቴል እንኳ ሲያረጅ በድማሚት ነው የሚያፈርሱት። እኔ ስንት ዘመን ያጸዳሁት ፎቅ በጭስ ሲወርድ ቆሜ አይቻለሁ። ያረጀ ነገር የሚከበርበት ቦታ ልይ።»

ላስ ቬጋስ ውስጥ የመንገደኛ ባቡር እንደሌለ ነግሬያቸው ሳቅሁ። እርሳቸው አስቀድመው ያውቁት ኖሯል። በከተማው አውቶቡስ እስከ አገር አቋራጩ ጣቢያ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ሎስ አንጀለስ፣ ከዚያ ባቡር፤ ሁለት ሌሊት ወንበር ላይ አድሮ ኒው ኦርሊንስ። እዚያ ደግሞ በሐዲድ የሚሄድ ትራም አለ። ይህን ሁሉ የሰበሰቡት የአውቶቡስ ሾፌሮችን እየጠየቁ ነው። ለስንቅ በሶ አሰቡ። ባቡሩ ሲታጠፍ ቂብላው ወዴት እንደሚሆን ኢማሙን ጠይቀው፣ በተቻለዎት አቅጣጫ ተቀምጠው ይስገዱ ቢሏቸው ደስ ብሏቸው መጡ። «እኔም ብያለሁ፤ አላህ ባቡር እንደሚታጠፍ ያውቃል!»

ከዚያ የሻንጣው ነገር መጣ። ራሳቸው ማንሳት የማይችሉትን እንደማይዙ ማሉ። አንድ ቅዳሜ ሻንጣውን ሞልተው በአውቶቡስ እስከ ጣቢያው ሄደው ተመለሱ፤ ልምምድ መሆኑ ነው። ሲመለሱ ያዩዋቸው ጎረቤቶች ከኒው ኦርሊንስ የመጡ መስሏቸው «እንኳን ደህና ገቡ፣ ልጅቷ እንዴት ናት?» እያሉ ቤታቸውን ሞሉት። እርሳቸውም ሰው ማሳፈር አይወዱምና ሁሉንም «ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» እያሉ አስተናገዱ። ያን ቀን እንደሳቅሁ ከዚያ በኋላ አልሳቅሁም።

ትኬቱ ተቆረጠ። መሄጃቸው ሲቃረብ አብሮን ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ የወጥ ቤት ሠራተኛ ሞተ። እትዬ ከድጃ ስልክ ደውለው ቀኑን አዛወሩ። በዚያ ሰሞን ቤት ውስጥ መሰብሰብ ስለሚፈራ ለቅሶ የሚደረሰው ፓርኪንግ ላይ ነበር። እርሳቸው ሁለት ታጣፊ ወንበር ይዘው በአውቶቡስ መጡ። አንዱ ለእርሳቸው፣ አንዱ ዘግይቶ ለሚመጣ።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዋዜማ፣ እዚሁ አጠገባችን ሄንደርሰን ከተማ ብቻዋን የምትኖር አንዲት ልጅ እናቷ ደሴ ላይ እንደሞተች ተሰማ። መርዶውን ማን ይንገራት? እኔ ደፍሬ «እትዬ፣ እኛ እንነግራታለን፤ እርስዎ ነገ ባቡር አለዎት» አልኳቸው።

«ባቡር በሳምንት ሦስቴ ይመጣል» አሉኝ። «መርዶ ግን አንዴ ነው የሚነገር።»

በማለዳ ሄደው እርሳቸው ነገሯት። ልጅቷ ስትወድቅ የያዟትም እርሳቸው ናቸው። እርሷን ከሚያስተዛዝኑበት ቤት ሆነው ነው ትኬቱን ያዛወሩት።

ሦስተኛው መቅረት ግን አናደደኝ። ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ይኖር የነበረ አንድ የታክሲ ሾፌር ሞቶ፣ እትዬ ከድጃ ወንበራቸውን ሲያነሱ ደረስኩ። «ሰውየውን እኮ አያውቁትም!» ብዬ ጮኽኩባቸው።

«የሚያውቀው ጥቂት ስለሆነ ነው እኮ የምሄደው፤ ብዙ ቢሆንማ ምን አስኬደኝ?»

በዚያው ቀን ሀናን ደወለች። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስልኩ ድምፁ ክፍት ነው። «እማ፣ ሰዎቹ ኦልሬዲ ሞተዋል። ቤቢው ግን በየቀኑ እያደገ ነው። ሚስ እያደረግሽው ነው እኮ፣ እያመለጠሽ ነው! ለኔስ መቼ ነው የምትመጪው?» እያለች አለቀሰች። እናትየው «ልክ ነሽ ልጄ» ብቻ አሏት። ስልኩን ዘግተው ወንበሮቻቸውን አንስተው ወጡ። እኔም ተከትያቸው ወጣሁ። ያን ቀን መኪናዬ ውስጥ ለመግባት እሺ አሉኝ።

መንገድ ላይ የነገሩኝን ለማንም ነግሬው አላውቅም። «ባለቤቴ የሞተ ጊዜ እዚህ አገር ገና አዲስ ነበርን። ሀናን ሕፃን ናት። ሰው ይመጣል ብዬ በሩን ከፍቼ ዋልኩ። የምናውቀው ሁሉ ሺፍት ላይ ነው፤ ሌላው አያውቀንም። አንድ ሰው ሳይገባ መሸና በሩን እኔው ተነስቼ ዘጋሁት። ሰዓዳ፣ ያን በር የዘጋሁትን ያህል ምንም አልከበደኝም።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም እስከ ለቅሶው ቤት አደረስኳቸው።

የመጨረሻው ትኬት ለዚህ ለሚቀጥለው ሳምንት ነበር። ሆቴሉ መልሶ ጠርቶን፣ የሰው እጥረት ስለነበረ ኦቨርታይም እየሠራን፣ እርሳቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃዳቸውን በጽኑ ጠይቀው አስፈቅደው ነበር። ለልጁ ትንሽ ነጭ ጀለቢያ ገዝተዋል። ሐሙስ አረፉ።

ሀናን ልጇን ታቅፋ ዓርብ ማለዳ በአውሮፕላን ደረሰች። ከቀብር መልስ ደረጃው፣ በረንዳው፣ ፓርኪንጉ በሰው ተሞልቶ መኪና የሚቆምበት ስለጠፋ ሰዎች ከሩቅ በእግር ይመጡ ነበር። የሾፌሩ ወንድም መጣ፤ መርዶ የተነገራት ልጅ መጥታ ከማንም በላይ አለቀሰች። ሀናን በሩ ላይ ቆማ «እማ ይሄን ሁሉ ሰው ታውቃለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የምታውቃቸውም የማታውቃቸውም እንዳሉ ነገርኳት። «እኔ እኮ ማድ ሆኜባት ነበር» አለች ቁጣዋን ሳትደብቅ፤ ቀጥላም «አሁንም ነኝ።» ልጁ በትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር።

ትኬቱን እንዳሰርዝላት ለመነችኝና ለባቡሩ ቢሮ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ደግ ድምፅ ነበራት። ስማቸውን ፈልጋ አገኘችና «እኚህ ደንበኛችን ቀን መቀየር ለምደዋል» ብላ ሳቀች። «አሁንስ ለመቼ ላዛውርላቸው?»

እትዬ ከድጃ፣ ለመቼ ልበላት? እንደሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ ያልኩት ያኔ ነው። ልጅዎ ተቆጥታብዎታለች፤ እውነትም አላት። እኔም ተቆጥቼብዎታለሁ። ያን ሕፃን በእቅፍዎ ልናየው ይገባን ነበር፤ ከባቡሩ መስኮት ዳር ተቀምጠው አገሩን ማየትዎን ልንሰማ ይገባን ነበር። አልሆነም፤ ግድ የለም ብዬም ላጽናናዎ አልችልም። ሰው በሞተ ቁጥር መንገድዎን አስቀርተው ከሰው ደጅ ተቀምጠዋል። የአሁኑ ለቅሶ ግን የራስዎ ነው፤ እሱን እኛ እንቀመጥልዎታለን። እርስዎ ይሂዱ።