የአማቼ ርካሽ ጠመንጃ

አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ጎማ ሠሪ ነው። ሰው መኪናውን ትቶለት ሄዶ ሲመለስ፣ ያላዘዘው ሁሉ ተሠርቶ ያገኘዋል። ቢያመሰግኑት ይደነግጣል። በዚህ ጠባዩ ልጄ ስትቃጠል ኖራለች፤ እኔ ደግሞ አንዴ እያዘንኩለት፣ አንዴ እየተናደድኩበት ሳየው ኖሬያለሁ።

ታላቅ ወንድሙ የእንጨት መሰንጠቂያ አለው። አባታቸው ሲሞት መሰንጠቂያው ለታላቁ ሆነ፤ ሰደፉ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳየው የአባትየው ጠመንጃም ለታላቁ ሆነ። ለአማቼ የደረሰው ምርቃት ነው።

አባትየው በሕይወት ሳሉ በአደን ቀን ሁለቱንም ይዘው ይወጡ ነበር። ታላቁ ከአባቱ ጎን ይቆማል፤ ታናሹ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ እየጮኸ የዱር አሳማዎቹን ወደ ተኳሾቹ ያባርራል። ኋላም የአዳኞች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ታላቅየው ሆነ፣ አማቼም ፀጉሩ ገብስማ እስኪሆን ድረስ ጫካ ለጫካ ሲጮህ ኖረ። የሚመኘው አንድ ነገር ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ከተኳሾቹ መስመር ላይ መቆም።

"የራስህ ጠመንጃ ሲኖርህ" ይለው ነበር ወንድሙ።

ስለዚህ ገዛ። መደብሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ርካሹን ነው። ሰደፉ ፕላስቲክ ነው፤ አንድ በተኮሱ ቁጥር መቀርቀሪያውን በእጅ ጎትቶ ሌላ ጥይት ማጉረስ ያስፈልጋል። ማኅበርተኞቹ እንዳዩት "ከእጅ አይሻል ዶማ" ብለው ስም አወጡለት።

"አይዞህ፣ ባይተኩስም ምርኩዝ ይሆንሃል" አለው ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ሥጋ ሻጩ። አማቼም አብሮ ሳቀ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነበር። መቀርቀሪያው እንደ ዛገ በር እየያዘ እጁን አደከመው። አንዱ ጥይት መሀል ቢገባ ቀጣዩ ወደ ግራ ይሄዳል። እሱ ግን ከሥራ ሲመለስ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል። መቀርቀሪያውን እያሸ ዘይት ያጠጣዋል። ጥይቱ በሚያልፍበት ብረትና ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ መካከል ወረቀት ያሳልፍና ወረቀቱ የሚይዝበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

"ብረቱን ምንም እንዳይነካው ነው፣ እማማ" አለኝ። "ሲተኮስ ይንቀጠቀጣል። የሚገፋው ነገር ካለ ይስታል።"

"ሰውስ ቢሆን" አልኩት።

ልጄ "ሰሃን የማስቀምጥበት አሳጣኸኝ!" እያለች ትጮህበታለች። ጠመንጃው ለሚቀመጥበት ቁም ሣጥን በራሷ ገንዘብ ቁልፍ ያስገባችለት ግን እሷው ናት።

ሠርቶ ሠርቶ አስተካከለው። የኢላማ ሜዳ ላይ ጥይቶቹ ሁሉ አንድ ቦታ ሲያርፉ ያየው ሥጋ ሻጩ ራሱ "ይሄ ዶማ ቆፈረ እኮ!" አለ። በዚያው ወቅት ቦታ ተሰጠው፤ ሸለቆው አፍ ላይ፣ ከወንድሙ ቀጥሎ። ልጄ ልቧ ቅቤ ጠጣ። ለዕለቱ የሚለብሰውን ጃኬት አጥባ ተኮሰችለት።

በአደኑ ቀን እኔና እሷ ለሰዎቹ ምሳ ይዘን መኪኖቹ ጋ ቆመን ነበር። ሰዉ ቦታ ቦታውን ሊይዝ ሲል ታላቅየው ጠመንጃውን ሊፈትሽ ምላጩን ሳበ። ድምፅ የለም። ደገመው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ተሰብሯል። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ዘይት ሳያይ የኖረ ጠመንጃ፣ ምን ይደረግ!

ዙሪያውን ቃኘና ቀጥ ብሎ ወደ አማቼ መጣ።

"እስቲ ያቺን ያንተን አምጣት።"

"ጋሼ፣ ዛሬ እኮ…"

"ሊቀ መንበሩ ባዶ እጁን ይቁም? ጫካውን አንተ እንደ መዳፍህ ታውቀዋለህ። ላንተ ሌላ ቀን አለልህ።"

አማቼ ወደ እኛ ዞር አለ። ልጄ ራሷን በኃይል ነቀነቀች፤ እንዳትሰጠው ማለቷ ነው። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ፣ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው በሁለት እጁ አቀበለው።

"እስከ መጨረሻው ጎትተው፣ ጋሼ" አለና ዱላ አንሥቶ ጫካው ውስጥ ገባ። ወዲያው ጩኸቱን ሰማነው። ልጄ ፊቷን አዞረች።

አንድ ተኩስ ብቻ ተሰማ። አንድ ግዙፍ አሳማ ከቁጥቋጦው ብቅ እንዳለ በታላቅየው ጥይት ወደቀ።

ፎቶ ይነሣ ሲባል ታላቅየው የአማቼን ጠመንጃ ሣር ላይ አጋደመውና መኪናው ጋ ሄዶ የአባቱን ጠመንጃ፣ ያንን መርፌው የተሰበረውን፣ ይዞ መጣ። አንድ እግሩን አሳማው ላይ ጭኖ ተነሣ።

"በየትኛው ነው የገደልከው?" አለች ልጄ ሰዉ ሁሉ እየሰማ።

ዓይኑን በጨው ታጥቦ "በአባቴ ነዋ! አታይም?" አላት። ሰዉ ሳቀ።

ልትቀጥል ስትል ያስቆማት ባሏ ነው። አጥባ የተኮሰችለት ጃኬት ተቀዶ፣ ጉንጩን እሾህ ጭሮት ቆሟል።

"ተይው አንቺ። ዋናው መሞቱ ነው።"

ያን ጊዜ ባሏን ያየችበትን አስተያየት ምነው ባላየሁ። ወንድምየውንማ እንደዚያ አላየችውም፤ ከሱ ምን ትጠብቃለች?

ቤት ሲገባ ጋዜጣውን ዘረጋ። በአፈሙዙ የሰደደው ጨርቅ ጥቁር ሆኖ ወጣ፤ ሌላ ሰው የተኮሰው ጥይት ጥላሸት ነው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ጠረገ። ልጄ እራቱን አስቀምጣለት ወደ ውስጥ ገባች።

"ለምን ሰጠኸው?" አልኩት።

"እንጃ፣ እማማ። እጄ ቀደመኝ።"

በተከታዩ ዓመት የአባትየው ጠመንጃ ተጠገነ፤ የአማቼ ቦታ ደግሞ ለሥጋ ሻጩ ልጅ ተሰጠ። "አንተን የሚያህል አባራሪ ከየት እናገኛለን?" አሉት። ዱላውን ይዞ ሄደ። ልጄ ምሳ ይዛ አልሄደችም።

ያን ዓይነት ጠመንጃ ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች፣ ጎማ ሲያሠሩ ይጠይቁታል። ያን ጊዜ ፊቱ ይበራል። መቀርቀሪያው መጀመሪያ እንደሚከብድ፣ በዘይት ግን እንደሚላላ፣ ፕላስቲኩ የቱ ጋ እንደሚፋቅ፣ ዝናብ እንደማይጎዳው አንድ በአንድ ያስረዳል።

በቀደም ምሳውን ይዤለት ብሄድ አንድ ደንበኛ እየጠየቀው ደረስኩ።

"ይመታል ግን?"

"በደንብ ይመታል!"

"አንተ ምን መታህበት?"

አማቼ ኮምፕረሰሩን ከፈተና ጎማው ላይ አጎነበሰ። ሰውዬው ጥያቄውን በጩኸት ደገመ። አማቼ እንዳልሰማ ሆኖ ጎማውን መንፋቱን ቀጠለ።