የአተር ጋን

እናቴ በሠርጌ ዋዜማ የተናገረችውን ነቀምቴ በሙሉ የሰማው ይመስለኛል። «ጠላ በሚጠመቅበት ቤት እግሬ አይገባም!» አለች። እኛ ወንጌላውያን ነን፤ በቤታችን ከቡናና ከወተት ሌላ ነገር ተጠጥቶ አያውቅም። ባሌ ደግሞ የሸዋ ሰው ልጅ፣ የአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ወር በገባ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ጽዋ የሚጠጣ ማኅበርተኛ ነው። ወይ ጠላው ወይ እናቴ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። እኔ ግን የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩና ሁለቱንም አገኛለሁ አልኩ።

በተጋባን በስድስተኛው ወር የማኅበሩ ተራ ደረሰን። እናቴ እስከዚያ ድረስ፣ ጠላም ሳይጠመቅ፣ ከደጄ ቀርታለች። ቤቷ ብጠራት የምትሰማኝ ቦታ ነው። ገበያ ስንገናኝ «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርሽ ብቻ ብላኝ ታልፋለች፣ ልክ እንደ ባዳ። እቤቴ ገብቼ አለቅስና ፊቴን ታጥቤ ወጥ እሠራለሁ።

ጠላ ቀምሼ ስለማላውቅ ባሌን ጠየቅሁት። «ያው ጌሾ ነው፣ ብቅል ነው፣ ውኃ ነው» አለኝ። ስንት ስለው «የሚበቃውን ያህል» ይለኛል። የጠጪ እርዳታ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

አንድ የማውቀው ነገር ግን ነበር፤ ንጽሕና። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያለፈች ልጅ ዕቃ ስታይ እጇ ወደ ሳሙና ነው የሚሄደው። አዲሱን ጋን ጓሮ አውጥቼ፣ እጄን እስከ ብብቴ አስገብቼ፣ በልብስ ሳሙና ሁለት ጊዜ ፈተግሁት። አለቅልቄ ፀሐይ ላይ አቆምኩትና ወገቤን ይዤ በኩራት አየሁት።

ይሄኔ ከአጥሩ ውጪ የእናቴ ድምፅ ተሰማ።

«ዶሮዬ ወደዚህ አልመጣችም?»

«አልመጣችም፣ አዮ» አልኩ። አዮ ማለት በእኛ አገር እናት ነው። በሩ ተከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን አንዲት ጣት እንኳ ወደ ውስጥ ሳታሳልፍ ቆማለች። ከዚያ አፍንጫዋን ቀና አደረገች።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ? ሳሙና ነው?»

«ጋኑን አጥቤው ነው።»

«ማል ጎቴ! ምን አደረግሽ!» ብላ ስትጮህና አፍንጫዋን ጋኑ አፍ ውስጥ ስትከት አንድ ሆነ። «ሸክላ እኮ ይጠጣል! ሳሙናውን ጠጥቶታል! የሰው ሆድ ልታጥቢ ነው?»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ ሳላስበው ለቅሶ ሆነ። «በማኅበሩ ፊት ከተዋረድኩም ልዋረድ» አልኳት። «አንቺ ግን ለምን ቀረሽብኝ?»

እናቴ ቀና አለችና እግሮቿን አየች። ከነጫማቸው ጓሮዬ መሀል ቆመዋል። ጥቂት አሰበች።

«ጠላ ገና የለም» አለች። «ያለው ሳሙና ነው። ስለ ሳሙና የተናገርኩት የለም።»

በማግስቱ የአተር ጋናችንን አሸክማ መጣች። ልጅ ሆኜ ይህ ጋን አተር ሞልቶ ጥግ ላይ ቆሞ ነው የማውቀው። የሰፈሩ ሴቶች ወንጌልን ሲቀበሉ የጠላ ጋናቸውን ሰባብረዋል፤ እናቴ «የእኔ የአተር ዕቃ ነው» ብላ አስተርፋዋለች። ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት። ከአተሩ ሥር የወይራ ጢስ ይሸታል።

«አተር ብቻ ነው የያዘው» አለች፣ ዐይኗን በጨው ታጥባ።

ጋኑን በግራዋ ቅጠል አሳጠበችኝ፣ በወይራ አሳጠነችኝ። ከዚያ ማድ ቤቱ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። «ስለ ጠላ አላወራም» ትላለች። «ግን አንዲት ሴት ቂጣውን እንዲህ አሳርራ ብትጋግር ታፍራለች።» እኔም ቂጣውን አነሳለሁ። እሷ አትቀምስ፣ እኔ ብቀምስ አላውቅ፤ ያን ሁሉ ቀን በአፍንጫ ብቻ ጠመቅን። በጣሳ ቀድቼ ከሩቅ አሸታታለሁ፤ «አልደረሰም፣ ኢንታላ ኮ» ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው። በመጨረሻው ቀን ዐይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አሸተተች። ጉሮሮዋ ሲውጥ አይቻለሁ። «ደርሷል» ብላ ተነሥታ ፈጥና ሄደች።

በማኅበሩ ቀን ከመጋረጃ ጀርባ ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ። ቄሱ ባርከው ጠጡ፤ ጽዋውን አስቀመጡና አፋቸውን ጠረጉ። ባሌ ላቡ ይታየኛል።

«ከየት ተማርሽው፣ ልጄ?» አሉ።

እንዳልናገር ለእናቴ ምያለሁ። «ከሚሲዮን» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ጋኑም ሳይመሽ ባዶውን ቀረ።

በማግስቱ እናቴ እንስራ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አተላውን እንዳትደፊው» አለች። «ለላሚቱ ነው። ላም ብትጠጣ ኃጢአት የለባትም።»

ላሚቱን ለሠርጌ ድግስ ሸጣታለች። እኔ አውቃለሁ፤ እንደማውቅም ታውቃለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እንስራውን ሞላሁላትና «ላሚቱ እንዴት ነች?» አልኳት።

«ደኅና ነች። አተላ ትወዳለች» ብላ ገባችና ተቀመጠች። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተጫወትን።

ጠላ ዛሬም አልወድም፤ አንድ ጉንጭ አይወርድልኝም። የማኅበሩም ተራ የሚደርሰን በዓመት አንዴ ነበር። እኔ ግን እናቴ በሕይወት እስከነበረች ድረስ በየወሩ ጠነሰስኩ።