አንድ ሳምንት ያቆየሁት ቤዝ

ከድሬዳዋ በተነሳሁበት ማለዳ የነበሩት እነዚህ ናቸው። ወንድሜ ግርማ ሻንጣዬን ይዞ በሩ ላይ። ጎረቤቴ ፋጡማ ከአጥሩ ወዲያ፣ ለመንገዴ ጠብሳ በጋዜጣ የጠቀለለችልኝን ባጊያ እንደያዘች። ከባሌ ባንድ የቀሩት ሁለቱ፣ ከበሮ መቺውና ዘፋኙ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ፎቶ እንደሚነሱ ሰዎች ጎን ለጎን። ጋሪ ነጂው መንገዱ ላይ። እኔ ግቢው መካከል፣ የመጠገኛ መሣሪያውን ሣጥን በሁለት እጄ አቅፌ። ባሌ ተስፋይ አልነበረም፤ ከሞተ ስምንት ወሩ ነበር።

ተስፋይ የአስመራ ልጅ ነው። በወጣትነቱ ቀን ቀን የስልክ መስመር ይሠራ ነበር፤ ማታ ማታ በአንድ ክበብ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። ወደ ድሬዳዋ ሲዛወር ቤዙን ለባንድ ጓደኛው ለክፍሎም አደራ ሰጥቶ መጣ። እኔን አገባ፤ የጊታር መጠገኛ ከፈተ። ዓይኔ ጥሩ፣ ጣቴም ቀጭን ስለነበር ሥራውን አስተማረኝ፤ ልጅ ስላልነበረን ቀኑን ሙሉ በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንውላለን። የሰው ቤዝ ሲጠግን፣ በባንዱም በውሰት ቤዝ ሲጫወት ኖሮ ለራሱ ሌላ አልገዛም። «የኔ አስመራ አለ» ይላል። ጦርነቱ ሲያልቅ አብረን ሄደን ልናመጣው ነበር።

ለተብርሃን የምትባለው እህቱ ጻፈችልኝ። አስመራ፣ ዓኽርያ ሰፈር ያለው የአባታቸው ቤት ወደ መንገድ የሚከፈት ክፍል አለው፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ፣ የሚል ነው። ክፍሎምን ፈልጌ ቤዙን አገኘዋለሁ የሚል ሐሳብ እንደነበረኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

እስከ አዲስ አበባ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአዲግራት አድርጌ ገባሁ። እናንተ ድሬ ያላችሁ አስመራን አታውቋትም። ጠዋት ጋቢ ለብሼ ነበር የምሠራው፣ በሚያዝያ! ውሃ በቦቴ መኪና ይመጣል፣ ሰው ግን ያቺኑ ጥቂት ውሃ ለጫማው ማጽጃ ይቆጥባል። ድሬ ግቢ ውስጥ አልጋ አውጥተን ስንተኛ ጎረቤት ከጎረቤት በጨለማ እየተሳሳቀ እንቅልፍ ይወስደን አልነበር? አስመራ ሰው በቀስታ ይናገራል፣ በቀስታ ይሄዳል። ደግሞ እዚያ ትልቁም ትንሹም አንቺ ሲለኝ ኖሮ፣ እዚህ ሁሉም እርስዎ አለኝ። በአንድ ቀን አረጀሁ።

ከለተብርሃን ሌላ አንቺ ያለኝ፣ ለነዋሪነት ስመዘገብ ቅጽ የሞላልኝ አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብቻ ነው። ከሜዳ የገባ ታጋይ ነበር፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ሁሉንም ሰው እኩል ነው የሚጠሩት።

«ሙያሽ?» አለኝ።

«ቤዝ ጊታር እጠግናለሁ።»

ብዕሩን አነሳ። «ትጫወቻለሽ?»

«አልጫወትም።»

«ሳትጫወቺ መበላሸቱን በምን ታውቂያለሽ?»

«የመኪና መካኒክ ሁሉ ሹፌር ነው?»

ጎን ያለው ሠራተኛ ሳቀ። እሱ ግን ቅጹን ወደ ላይ ወደ ታች አየው። «እንጨት ነው የምትሠሪው ወይስ ኤሌክትሪክ?»

«ግማሽ በግማሽ።»

«ግማሽ የሚባል ቦታ እዚህ የለም» አለና ጻፈ። ዞር አድርጌ አነበብኩት፤ የቤት እመቤት ይላል። «ይሓይሽ» አለኝ፤ ይሻላል ማለቱ ነው። «ጥያቄ አያመጣብሽም።»

መንገድ ዳር ባለው ክፍል የጀመርኩት ሥራ መጀመሪያ አሳፍሮኛል። የጠገንኳቸው ቤዞች በሳምንታቸው ይመለሳሉ። ክሮቹ አንገቱ ላይ ካሉት ብረቶች ጋር እየተነካኩ ዝዝዝ ይላሉ። ምክንያቱን ለማወቅ ወር ፈጀብኝ። ድሬ ሙቀቱ አንገቱን ወደ ፊት ያጎብጠዋል፣ ስለዚህ በውስጡ የሚያልፈውን ብረት ጠበቅ አድርገን ነበር የምንሰጠው። አስመራ ብርድና ደረቅ አየር ነው፤ አንገቱ ወደ ኋላ ይለጠጣል። እኔ ዓኽርያ ተቀምጬ ለድሬዳዋ ነበር የማጠብቀው። ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ጊታር ሁሉ አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ አሳድሬ፣ ብረቱን ላላ አድርጌ መሥራት ጀመርኩ። ሥራዬ ተወራ። ክፍሎምን ግን ስጠይቅ የሚያውቀው ሰው አላገኘሁም።

አንድ ሰኞ ሳባ የምትባል ታጋይ መጣች። ጸጉሯ አጭር ነው፣ እግሯ ላይ የፕላስቲክ ጫማ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ቤዝ ጠረጴዛዬ ላይ አስተኛች።

«አደይ፣ ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል» አለችኝ፤ አደይ እናቴ ማለት ነው። አማርኛዋ የትምህርት ቤት ነው። «ኬብል ቀየርን፣ አምፕሊፋየር ቀየርን፤ ኣይፋልን፣ ምንም የለም። እሑድ ማይ ተመናይ ሰፈር መርዓ፣ ሠርግ አለ። እሑድ ካልተጫወትኩ ባንዱ ሌላ ሰው ይይዛል።»

«ለእሑድ ይደርሳል» አልኳት።

ከሄደች በኋላ የጀርባውን ክዳን ፈታሁ። ሽቦዎቹ በሰም በተነከረ ክር፣ በየጣቱ ስፋት ተቋጥረው ታስረዋል፤ የድሮ የስልክ ሠራተኞች እንደሚያስሩት። ቋጠሮዎቹ ሁሉ ወደ ግራ የተሳቡ ናቸው። ተስፋይ ግራኝ ነበር። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁት፤ እንደገና አየሁ።

ብልሽቱ ኬብሉ የሚሰካበት ጃክ ላይ ነበር። የአንዱ ሽቦ ብየዳ ተሰንጥቆ፣ ሲንቀሳቀስ ይነካል፣ ሲንቀሳቀስ ይለቃል። ቆርቆሮ አቅልጬ በአሥር ደቂቃ መለስኩት። ክዳኑን ገጥሜ ቤዙን ከመጋረጃው ጀርባ አቆምኩት።

ረቡዕ ሳባ መጣች። አንድ ዕቃ ጎድሎ ከአዲስ አበባ እየጠበቅኩ ነው አልኳት። ሐሙስም ያንኑ አልኳት። እንዲህ ያለ ውሸት በሥራዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር።

ለለተብርሃን የነገርኳት ሐሙስ ማታ ነው። «ናይ ሓወይ እዩ!» ብላ ተነሳች። የወንድሜ ነው ማለቷ ነው። «ወይንሸት፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ንገሪያት፣ አስቀሪው!»

«በምን አገኘችው እስኪ ልጠይቅ።»

«በምንም ታግኘው! ወንድሜ አደራ ሰጠ እንጂ ሸጠ?»

ቅዳሜ ሳባ ሕምባሻ ይዛ መጣች። ስለ ቤዙ አልጠየቀችም። «በኔ ምክንያት ደክመዋል» ብላ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ተቀመጪ አልኳት። ማን አስተማረሽ ስላት እንዲህ ብላ ነገረችኝ።

«ክፍሎም የሚባል መምህር ነበረኝ። ከአስመራ ሲወጣ ይህን ቤዝ በከሰል ጆንያ ደብቆ ነው ወደ ሜዳ ያመጣው። ክር አልነበረንም፤ ሲደነዝዝ ሻሂ በምናፈላበት ጣሳ ቀቅለን እንደገና እናስረዋለን። ሻሂው ብረት ብረት ይላል፤ ሰዉ ይሰድበናል፣ ግን ይጠጣል።» ሳቀች። «ክፍሎም ሲሰዋ ለኔ ቀረ። እስካሁን ስምንት ዓመት ተሸክሜዋለሁ።»

«እንግዲህ ያንቺ ነዋ።»

«አይደለም» አለች። «ክፍሎም የኔ አይደለም ይል ነበር። የጓደኛው ነው፤ ተስፋይ ይባላል። ከነጻነት በኋላ ባለቤቱን ፈልጌ እመልሳለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁት። ግን አደይ፣ አስመራ መንገድ ላይ ቆመው ተስፋይ ብለው ቢጣሩ ስንት ሰው ይዞራል?»

«ብታገኚውስ?»

«እመልሳለሁ።»

«ከዚያ በምን ትጫወቻለሽ?»

ጣቶቿን አየች። የጣቶቿ ጫፍ የተስፋይን ይመስላል፤ ጠንካራ፣ የተላጠ። «እኔማ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እንዳላገኘው ነው የምጸልየው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

አንድ ቃል ብናገር ቤዙ የኔ ነበር። ሕምባሻውን ቆርሼ ሰጠኋት፤ አብረን በላን፤ ሄደች።

እሑድ ለተብርሃን ቅዳሴ ሄዳ ሳለች ቤዙን ከመጋረጃው ጀርባ አወጣሁ። መጫወት አልችልም፤ ወፍራሙን ክር ብቻ አንድ ጊዜ በአውራ ጣቴ ነካሁት። በብርድ ልብሱ ጠቅልዬ ወደ ማይ ተመናይ አውቶቡስ ይዤ ገባሁ። አንድ ሰው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። በሽተኛ ልጅ ያቀፍኩ መስሎት እንደሆነ አላውቅም።

ዳሱ ውስጥ ባንዱ ዕቃውን እየዘረጋ ነበር። ሳባ ተራ ጊታር ተውሳ ጥግ ተቀምጣለች። መሪያቸው ሰዓቱን እያየ «ቤዝ የሌለው ጓይላ ማን ይጨፍርለታል? ሰው ልኬያለሁ፣ ሌላ ተጫዋች እየመጣ ነው» ይላታል። ስታየኝ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ተቀበለችኝ፤ ሰካችው፤ መታችው። ድምፁ በእንጨቱ ወለል በኩል እግሬ ድረስ መጣ። ኬብሉን ይዛ ነቀነቀችው፣ ጎተተችው፤ አልጠፋም። መሪው ለአንዱ ልጅ «ሂድ፣ አትምጣ በለው» አለ።

«አደይ፣ የቐንየለይ!» ብላ አመሰገነችኝ። «ምን ነበር?»

«አንድ ሽቦ ለቆ ነው።»

«ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃስ?»

«የጎደለ ዕቃ አልነበረም።»

ትኩር ብላ አየችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ምን አደረግሽ የሚለው ጥያቄ ፊቷ ላይ ነበር፤ ግን ትልቅ ሰው ነኝና አፏን ዘጋች።

«ሳባ» አልኳት፣ «ባለቤቱን አትፈልጊው። ተስፋይ ሞቷል።»

እጇ ክሩ ላይ ቀረ። «እርስዎ በምን አወቁ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩና ወጣሁ።