ምድጃውን ያቆምንበት እሑድ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሙሴ ሬሞን ከሊጡ ቆንጠር አድርገው ሰጡኝና «ዘርጊው» አሉኝ። ሳብ ሳደርገው ተበጠሰ። «ገና ነው። ሳይበጠስ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መሳሳት አለበት» ብለው ማቡኪያ ማሽኑን መልሰው አስነሱት። ሁለተኛ ሲሰጡኝ ሊጡ እንደ ስስ ነጠላ ተዘረጋ። «አሁን ደርሷል» አሉ። እኔም ትሪ ወደማጥብበት ተላክሁ።

ቤከሪው ጆርጂያ ስቴት፣ ብሩክሄቨን አጠገብ ነበር፤ ለሆቴልና ለሬስቶራንት የፈረንሳይ ዳቦ ይጋግራል። እኔ ከምኖርበት ከሊቶኒያ እየነዳሁ እመጣ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ አሥሮቹ መጀመሪያ ነው፤ ዲቪ ደርሶኝ ከድሬዳዋ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። እዚያ ቤት የሚገባ ሁሉ በሄልፐርነት ይጀምራል፤ ትሪ ያጥባል፣ ራክ የሚሉትን የትሪ መደርደሪያ ይገፋል። ከዚያ ሊጥ ቆራጭ ይሆናል፣ ቀጥሎ አቡኪ፣ ቀጥሎ ምድጃ ላይ ይቆማል። ከሁሉም በላይ ሊድ ቤከር፣ የጋጋሪዎቹ አለቃ፣ አለ። እሳቸው ሙሴ ሬሞን ነበሩ።

ፓሪስ የተወለዱ፣ ወደ ሰባ የተጠጉ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው ፈረንሳይ ናት። አባቴ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራ ስለነበር ትንሽ ፈረንሳይኛ እሰማለሁ። «ሙስዩ» የሚለውን በአገራችን አጠራር «ሙሴ» ብዬ ስጠራቸው በጣም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ምሳ አብረን እንበላ ጀመር።

ወሬያቸው ስለ አያታቸው ነበር። አያትየው ፓሪስ ውስጥ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ።

«መጽሐፍ ላይ አብዮታዊ ሲንዲካሊዝም ይሉታል» አሉኝ አንድ ቀን። «አያቴ ግን ‹ሲንዲካ› ብቻ ነበር የሚለው። የሠራተኛ ማኅበር ማለት ነው።»

«ከሌላው ማኅበር በምን ይለያል?»

«ፓርቲ አያምኑም ነበር። ፓርላማ የሚገባው ሰው በእኛ ስም ይገባና ይረሳናል ይሉ ነበር። የምንፈልገውን ራሳችን ሥራ አቁመን እናገኘዋለን ነው። አንድ ቀን ደግሞ ባቡሩም፣ ወደቡም፣ ምድጃውም፣ አገሩ ሁሉ ባንድ ላይ ያቆማል። ከዚያ በኋላ ፋብሪካውን ሠራተኛው ራሱ ያስተዳድረዋል።»

«ታዲያ አገሩ አቆመ?»

«አላቆመም» አሉ። «በሳምንት አንድ ቀን እረፍት ግን አገኙ። ከዚያ በፊት አያቴ ሳምንቱን ሙሉ ነበር የሚጋግረው። ደግሞም ጦርነት ከመጣ አንዘምትም፣ ሥራ እናቆማለን ተባብለው ነበር። የዓለም ጦርነቱ መጣ፤ ዘመቱ። አያቴም ዘመተ። የመርዝ ጋዝ ሳንባውን አበላሽቶት ተመለሰና ምድጃ ፊት መቆም አቃተው። እኔ ልጅ ሆኜ ስለ ሲንዲካው ሲያጫውተኝ አንዳንዴ ያለቅስ ነበር።»

ከዚያ ሽርጣቸውን አስረው ተነሡ።

ሊጥ ቆራጭ ሆኜ ጥቂት ዓመት እንደ ሠራሁ ባለቤቱ ቤከሪውን ሸጠው። አዲሱ ማናጀር ኪት ይባላል። ከአንድ ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት ጋር ውል ተፈራርሞ መጣና ሰበሰበን። «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ እሑድም እንጋግራለን። ኦፋችሁ፣ የእረፍት ቀናችሁ፣ በየሳምንቱ ይቀያየራል፤ ስኬጁሉን ዓርብ ዓርብ ታዩታላችሁ» አለን።

ለእኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ኳየር ውስጥ እዘምር ነበር። አጠገቤ ሊጥ ለምትቆርጠው ለሜክሲኳዊቷ ማሪያ ደግሞ ከልጆቿ ጋር የምትውልበት ብቸኛ ቀን ነው። ኪት ቢሮ ገባሁ።

«እሑድን ብቻ ተውልኝ፤ ሌላውን ቀን ያልከኝን እሠራለሁ» አልኩት።

«ለአንቺ ከተውኩ ለሁሉም መተው አለብኝ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። «ይህ ጆርጂያ ነው፤ አሠሪ ሠራተኛውን በፈለገ ጊዜ ማሰናበት ይችላል። ካልተስማማሽ ሌላ ቦታ መሞከር ትችያለሽ።»

ሺፍት ስንጨርስ ፓርኪንጉ ላይ ተሰበሰብን። ሙሴ ሬሞን አጭር ነገር ተናገሩ። «ማኅበር የለንም። እጅ ግን አለን። የመጀመሪያዋ እሑድ ማንም ካልመጣ ምድጃው አይሠራም።»

ምድጃ ላይ የሚሠራው ተፈራ ያገሬ ልጅ ነው፤ ቁጡ ነው። «ለምን እንቀራለን?» አለ። «እንምጣና ሊጡ ላይ ሳሙና ጠብ እናድርግበት። ዳቦው ሁሉ ሲመለስበት ይገባዋል።»

የሽማግሌው ፊት ቀላ። «ሳሙናውን የሚበላው ማነው? ኪት ነው?» አሉት። «የአያቴ ጓደኞችም ሳቦታዥ የሚሉት ነገር ነበራቸው። ሥራ ያጓትታሉ፣ ማሽን ያቆማሉ። የሰው ምግብ ግን አይነኩም። ዳቦውን የሚገዛው እንደ አንተ ያለ ሰው ነው።»

ተፈራ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አባባ» አለ። ከዚያ ለመቅረት ሁላችንም እጅ አወጣን።

እሑድ ጠዋት ኳየር ውስጥ ቆምኩ፤ ስልኬን ግን ከመዝሙር ደብተሬ ሥር ይዤ ነበር። ማሪያ በቤከሪው በር አልፋ ኖሮ «ማንም የለም፤ ጨለማ ነው» የሚል ቴክስት ላከችልኝ። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ጸሎቱ ሳያልቅ ተፈራ ደወለ፤ ወጥቼ አነሳሁት።

«ጽጌ፣ ቫን መጥቷል» አለኝ።

«የምን ቫን?»

«ጊዜያዊ ሠራተኛ ከሚያቀርብ ኤጀንሲ ሰው አምጥተዋል። ምድጃው ተለኩሷል። እዚህ መንገድ ዳር ፓርክ አድርጌ እያየሁት ነው።»

በማግስቱ ስንገባ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ሊጥ የምትቆርጠው ምሕረት ናት። ምሕረት ከልጆቿ ጋር በቅርብ የመጣች የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት፤ ፍራሽና ድስት አዋጥተን የሰጠናት እኛ ነን። በዚያች እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መቅረቷን እንኳ አላስተዋልኩም።

«እትዬ ጽጌ» አለችኝ፣ «ኤጀንሲው ሥራ አለ ብሎ ደወለልኝ። የእርስዎ ቦታ መሆኑን ማን ነገረኝ?» እንባዋ ሊጡ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን አዞረች። ልቆጣት አልቻልኩም። ምን ብዬ?

ኪት መጥቶ ሁላችንንም ወደ በሩ መልሶ አቆመን። «ይህን ነገር የጀመረው ሰው ይሂድ። ሌላው ወደ ቦታው ይመለሳል» አለ።

ተፈራ ሊናገር አፉን ሲከፍት ሙሴ ሬሞን ክንዱን ያዙት። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሽርጣቸውን ፈትተው መስቀያው ላይ ሰቀሉት። ማሪያ እያለቀሰች ተከተለቻቸው። «ልጆችሽን ማን ያበላቸዋል? ግቢ» ብለው መለሷት። ገባን። ምሕረትን ደግሞ ኤጀንሲው በዚያው ቫን ኮንየርስ ወደሚገኝ መጋዘን ወሰዳት። ከቤከሪው የተረፋት የሁለት ቀን ድካም ብቻ ነው።

ኪት ትንሽ ቆይቶ የኦፍ ቀን መቀያየሩን ተወው። ለያንዳንዳችን ቋሚ ቀን ሰጠን፤ ለእኔ ማክሰኞ፣ ለማሪያ ረቡዕ፣ ለተፈራ ሐሙስ። እሑድን ለማንም አልሰጠም። ኳየሩን ተሰናበትኩ።

ማክሰኞ ማክሰኞ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ወዳለው የሙሴ ሬሞን አፓርትመንት ሾርባ ይዤ እሄድ ነበር። በዚያ ዕድሜ የሚቀጥራቸው አላገኙም። ዕድሜ ልካቸውን የሳቡት ዱቄት ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ ሥራ ከፈቱ በኋላ ሳሉ ባሰባቸው። አንድ ቀን ላጽናናቸው ብዬ «ቢያንስ ቋሚ ቀን አግኝተናል» አልኳቸው።

«አሸነፍን አትበይኝ» አሉኝ። «አላሸነፍንም።» ሳሉ አላናግር ስላላቸው ጠበቅኳቸው። «የአያቴ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ቤት ከፍተው ነበር። የሠራተኛ ቤት ነው። ሥራ ያጣ ሰው ሥራ የሚፈልገው እዚያ ሄዶ ነው። ይማርበታል፣ ያነብበታል፣ ከሌላ ከተማ የመጣም ያርፍበታል። ስለዚህ ሥራ ሲያቆሙ፣ አሠሪው ሊቀጥረው የሚሄደው ሥራ አጥ የራሳቸው ወዳጅ ነው። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት አድጌ፣ ፓርኪንጉ ላይ ስቆም ትዝ አላለኝም።»

«ምሕረትን እኔ አውቃት ነበር» አልኳቸው።

«ሥራ ልናቆም መሆኑን የነገራት አለ?»

«ማንም አልነገራትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሾርባውን ሳይጨርሱት ገፋ አደረጉት።

በዚያው ዓመት ሆስፒታል ገቡና አልወጡም። ቀብራቸው ሐሙስ ቀን ዋለ። ኦፋችን የተለያየ ስለነበር ቤከሪው እንደ ልማዱ እየጋገረ፣ መቃብሩ አጠገብ የቆምነው ጥቂት ነን። ተፈራ ቀኑ ነው፤ እኔ ማሪያ ከራሷ ሥራ ጋር የእኔንም ሸፍናልኝ ነው የሄድኩት። ምሕረትም ከኮንየርስ መጣች። «አላውቃቸውም እትዬ፤ ግን ልምጣ» ብላኝ ነበር። ልጃቸው ከፈረንሳይ በስልክ ተከታተለች፤ ስልኩን የያዘላት ተፈራ ነው።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴ መቆም እስኪያቅተው ድረስ እዚያው ሠራሁ። አቡኪ ሆንኩ፤ በመጨረሻም የሙሴ ሬሞንን ቦታ ሰጡኝ። እሑድ አንድም ቀን አላረፍኩም።

ዛሬ በየመጋዘኑና በየኩሽናው የምትሠሩ ልጆች ሥራ ስለማቆም አንዳንዴ ትጠይቁኛላችሁ። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሥራ ለማቆም ስታስቡ፣ በእናንተ ቦታ የሚጠራውን ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉና አነጋግሩት። እኛ አላነጋገርነውም።