ያለ ወሬ የምትሮጥ ልጅ

የጎማ ማስቲሽ ሽታ ሌላውን ሰው ራሱን ያመዋል፤ እኔን ግን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያደርገኛል። ዛሬ ጠዋት ከጎብዬ ወደ ቆቦ ስመለስ የግራር እሾህ የኋላ ጎማዬን በሳብኝና መንገድ ዳር ወርጄ፣ ብስክሌቴን ገልብጬ፣ የውስጡን ጎማ አውጥቼ ቀዳዳውን በምራቅ ስፈልግ አንድ የባጃጅ ሹፌር አጠገቤ ቆሞ «እማማ፣ ላድርስዎት?» አለኝ፤ የራሴ መኪና አለኝ ብዬ አሰናበትኩት። እማማ መባሉን አልጠላሁትም፣ ሃምሳን አልፌያለሁ፤ የጠላሁት አስተያየቱን ነው። ታናሽ ወንድሜም ባለፈው ዒድ ቤቴ መጥቶ፣ ሥጋዬን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ፣ ጡረታ ልትወጣ የደረሰች የጤና ጣቢያ ሠራተኛ በቀሚስ ሥር ሱሪ አጥልቃ አንድ ቀን በሩጫ፣ አንድ ቀን በብስክሌት አስፋልቱን ስታምሰው ሰው ምን ይላል እያለ ሲመክረኝ ነበር። ሰው የሚለውን ገና ድሮ ብሎ ጨርሷል። ማስቲሹ እስኪደርቅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያን የተባለውን አንድ በአንድ አስታወስኩት።

ያደግሁት በቆቦና በሮቢት መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ገባ ብሎ ባለ የማሽላ አገር ነው። ግቢያችን ውስጥ ከነበሩት ሁለት ቤቶች አንዱን ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ መምህር ተከራይቶት ነበር፤ ከአንድ ሻንጣና ከአንድ ጥቁር የወንድ ብስክሌት በቀር ዕቃ አልነበረውም። ይህን የመሰለ ሜዳ ይዛችሁ በእግር መሄዳችሁ ይገርመኛል ይል ነበር፤ እኔን ደግሞ የሚገርመኝ እሱ እንዲህ ያለ ነገር ግድግዳ ላይ አስደግፎ እንቅልፉን መተኛቱ ነበር። ለምኜ ለምኜ ፈቀደልኝ። ኮርቻው ላይ ሆኜ እግሬ መርገጫው ስለማይደርስ፣ አንዱን እግሬን በብረቱ ሥር አሾልኬ፣ ወገቤን እንደ ማጭድ አጣምሜ መንዳት ጀመርኩ፤ ሰፈሩም ይህች ልጅ ወገቧ ይሰበራል እያለ ገና ላልመጣው ባሌ አብዝቶ አዘነ። ብስክሌቱን በማላገኝበት ቀን እሮጥ ነበር። በዚያ በሚፋጀው አሸዋ ላይ የኮንጎ ጫማዬ እየለሰለሰ፣ ማንም ሳይልከኝ፣ ማንም ሳያባርረኝ፣ ከወንዙ እስከ ትምህርት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱ እስከ ወንዙ እመላለስ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከዚሁ ነው። በእኛ አገር ሰው ያለ ወሬ አይሮጥም። የሚሮጥ ሰው ወይ ሞት ይዟል፣ ወይ እሳት ይዟል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ጎርፍ ይዟል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ፣ በደጋው ተራራ ነው፤ እኛን ፀሐይ እያቃጠለን ሳለ ደረቁ ወንዝ በድንገት ይሞላል፣ ማሽላችንም የሚጠጣው ያንን ነው። ስለዚህ ከላይ ያለ ሰው ውሃውን ሲያይ ሽርጡን ወይም ሻሹን እያውለበለበ ቁልቁል ይሮጣል፤ ያየው ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ በሬውን ነድቶ፣ አካፋውን ተሸክሞ ወደ ወንዙ ይወርድና በቅርንጫፍና በአሸዋ ግድቡን ጠግኖ ጎርፉን ወደ ቦዩ ያስገባዋል፤ ከዚያ እያንዳንዱ በተራው የማሳውን አፍ ከፍቶ ያጠጣል። የቀረ ይቀጣል። ይህን ሁሉ የሚዳኙት የውሃ አባት የሚባሉት አያ እንድሪስ ነበሩ፤ ማሳቸውም የቦዩ ራስ ላይ ነበር። የእኛ ማሳ ጭራው ላይ ነው። ጭራ ላይ ያለ ሰው ግድቡን ከሁሉ እኩል ይሠራል፤ ውሃው ግን እሱ ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፣ ስብሰባ ላይ ድምፁም እንደዚያው ነው። አባዬ በሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን ብስክሌቱን ይዤ ወደ ላይኛው መንደር ወጣሁና ቁልቁል ለቀቅሁት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኮርቻው ላይ ነበርኩ። ነፋሱ ሻሼን ሊወስደው ሲል በአንድ እጄ ቀለብኩት፤ ግራና ቀኝ ማሽላ የሚያርሙት ሰዎች ቀና ቀና ሲሉ አየሁ፣ ከዚያ አንዱ እጁን አነሳ፣ ሌላው ጮኸ። አድናቆት መሰለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያሽሟጥጡኝ የኖሩ ሰዎች ጉብዝናዬ በመጨረሻ ገባቸው ብዬ፣ ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ፣ ሻሼን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩላቸው።

መንደሩ ባዶ መሆኑን ያስተዋልኩት ቤት ደርሼ ውሃ ስጠጣ ነው። አርባ አባወራ ነቅሎ ወንዝ ወርዷል። እስከ መግሪብ ድረስ ግራር እየቆረጡ፣ አሸዋ እየዛቁ፣ ያለፈው ጎርፍ የናደውን ግድብ አንድ ሳያስቀሩ ጠገኑና ቁጭ ብለው ጠበቁ። ወንዙ ውስጥ ከአንዲት የጠፋች አህያ በቀር የመጣ ነገር አልነበረም።

በሚቀጥለው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ካለው ጥላ ሥር ተጠራን። እኔ መሃል ቆምኩ፣ አባዬ ከሁሉ ኋላ። መምህሩ ጥፋቱን በራሱ ላይ ሊያደርግ ሞክሮ ነበር፤ እንግዳ ነውና በክብር ዝም አሰኙት። አያ እንድሪስ ክፉ ሰው አልነበሩም። በሒና የቀላ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ጀመሩና ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። ማንም አልላከኝም አልኩ።

«ታዲያ ምን ወሬ ይዘሽ ነው?»

«ወሬ የለኝም። ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ጎርፍ መስሎኝ ነው ብል፣ ወይም ፍሬኑ እምቢ አለኝ ብል ይቅር ይሉኝ ነበር፤ እናቴም ከሴቶቹ መሃል ሆና በዓይኗ ዋሺ ትለኝ ነበር። መዋሸት ግን አስጠላኝ። ደስታዬ ጥፋት መሆኑን ማንም ሊያሳምነኝ አልቻለም፣ እስከ ዛሬም አልቻለም። ፍርዱ አጭር ነበር፤ ብስክሌቱ ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ እኔም ክረምቱ እስኪወጣ በእግሬም ቢሆን አልሮጥም፤ ስሮጥ ከታየሁ አባዬ የዚያን ዓመት የውሃ ተራውን ያጣል። ያችን ሳትደርስ የምታልቅ ተራ ማለት ነው፤ ቢሆንም ሌላ ተራ አልነበረንም።

ሦስት ሳምንት እንደ ሙሽራ ተራመድኩ። እግሬ ያሳክከኝ ነበር። ሰማዩ ደግሞ ጨርሶ ደረቀ፤ ማሽላው ቅጠሉን መጠቅለል ሲጀምር አባዬ አመሻሽ ላይ ማሳው ዳር ቆሞ አንዱን ቅጠል በጣቶቹ ያሻሻል። ስለ ሩጫዬ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በአንድ የገበያ ቀን ላይኛው መንደር አክስቴ ዘንድ ተልኬ ስመለስ ተራራው ጠቁሮ አየሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ መጣ፤ ብዙ የጭነት መኪና አንድ ላይ አቀበት ሲወጣ የሚሰማውን ይመስላል። የላይኛው መንደር ወንዶች ቆቦ ገበያ ወርደዋል፣ ሽርጡን የሚያውለበልብ ሰው አልነበረም። ቆሜ አሰብኩ። ብሮጥ የአባዬ ተራ ይቀራል፤ ባልሮጥ ያ ሁሉ ውሃ ለማንም ሳይሆን አፋር በረሃ ይገባል። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩና ሮጥኩ።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሮጬ አላውቅም። ሻሼን እያውለበለብኩ፣ ጎርፍ፣ ጎርፍ እያልኩ በማሽላው መሃል ስመጣ የሚያርሙት ሰዎች ቀና ብለው አዩኝና ተመልሰው አጎነበሱ። አንዱ ዛሬም ደስ ብሏታል ሲል ሌሎቹ ሲስቁ ሰማኋቸው። አያ እንድሪስ ከማሳቸው ዳር ቆመው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ፤ ተራችሁ ቀረ ማለታቸው ነው። ቤት ስደርስ አባዬ አጥር ሥር ተቀምጦ የሞፈር እንጨት ይጠርብ ነበር። ትንፋሼ አልቆ ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። አየኝ። መጥረቢያውን አስቀምጦ አካፋውን አነሳና ወደ ማሳችን ሄደ።

የቀረውን አላህ ነው ያቀናበረው። በእኔ ስህተት አርባ አባወራ የጠገነው ግድብ እንዳለ ቆሞ ስለነበር ጎርፉ ያለ ሰው እጅ ቦዩ ውስጥ ገባ። ያመነኝ ባለመኖሩ ደግሞ የሌሎቹ ማሳዎች አፍ ሁሉ እንደተዘጋ ነበር፤ ውሃው የሚያስቆመው አጥቶ ከራስ እስከ ጭራ ወረደና በመጀመሪያ ያገኘው ክፍት አፍ አባዬ የከፈተው የእኛ ሆነ። ሌሎቹ እየተጯጯኹ አካፋ ይዘው ሲደርሱ ማሳችን ቀይ ውሃ ሞልቶት፣ አባዬ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ መሃሉ ላይ ቆሞ ነበር። አያ እንድሪስ ተቆጥተው መጡ፤ ተራው ያንተ አይደለም፣ ልጅቱም ሮጣለች አሉት። ያን ጊዜ ነው አባዬ ሲናገር የሰማሁት።

«ልጄ ወሬ ይዛ ነው የሮጠችው» አለ። «ወሬው ለሁላችሁም ነበር።»

አያ እንድሪስ ውሃውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ «ትሩጣ» ብለው ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

እኔም ሮጥኩ። በወረዳ ውድድር ብዙ ጊዜ ተሰልፌ አንድም ቀን አንደኛ አልወጣሁም፣ ግድም የለኝም። ብስክሌት አራት ጨርሻለሁ፤ ያሁኗን በጦርነቱ ጊዜ የማሽላ አገዳ ክምር ውስጥ ደብቄ ነው ያተረፍኳት። ያ ቦይ አሁን ግማሹ በአሸዋ ተደፍኗል፣ የጉድጓድ ውሃ በሞተር ይሳባል፣ የጎርፍ ወሬም በስልክ ይመጣል። በማሽላው መሃል ስሮጥ ቀና የሚል የለም፤ ቀና ያለም ቢኖር ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። የታገልኩት እንዲህ እንዲተዉኝ ነበር፤ ሲተዉኝ ግን ቅር አለኝ፣ ይህንንም አልዋሽም።

አባዬ በመጨረሻ ሕመሙ እኔ ቤት ተኝቶ ሳለ ስለዚያ ቀን ጠይቄው ነበር። አንድ ቃል ሳልናገር፣ አገሩ ሁሉ ሲስቅብኝ፣ ጎርፍ መሆኑን በምን አወቅህ አልኩት። አላወቅሁም አለኝ።

«ሮጠሽ መጣሽ፤ ተነሳሁ።»

በዚህ ሁሉ ሜዳ ላይ ስሮጥ አይቶኝ፣ ምንድን ነው ሳይል የሚነሳ አንድ ሰው ነበረኝ፤ እሱን ቀብሬዋለሁ። ነገ የሩጫ ቀኔ ነው። ፀሐዩ ሳይከር ወደ ዋጃ እወጣለሁ።