በራስጌዬ የተለጠፈው አውሬ

ከአውሬው ጭንቅላት ኋላ እንደ ካፖርት አንገትጌ የቆመው ያ አጥንት ምን ያደርግለት ነበር? ስንት መጽሐፍ ባገላብጥም የሚያረካኝ መልስ አላገኘሁም፤ አንዱ ለመከታ ይላል፣ ሌላው ለጌጥ። ጥያቄው እንደገና የተነሳብኝ ባለፈው እሑድ፣ የእህቴ ልጅ ለትምህርት ቤት ሥዕል ልትለጥፍ ዱቄት በውኃ በጥብጣ እሳት ላይ ስታማስል፣ ያ ጎምዘዝ ያለ ሽታ የኮዬ ፈጬውን ቤታችንን ሲሞላው ነው።

ልጅ ሳለሁ የአቃቂው ጭቃ ቤታችን ግድግዳ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ሲደርስ በዚሁ ማጣበቂያ አሮጌ ጋዜጣና መጽሔት ይለጠፍበት ነበር። አንባቢ ስላልነበረን እማዬ ወረቀቱን የምትመርጠው በውፍረቱ ነው፤ ትልልቅ ሹማምንት ከሳሙና ማስታወቂያ አጠገብ ተዘቅዝቀው ይከርማሉ። አንድ ዓመት ወፍራሙ ገጽ ለእኔ ራስጌ ደረሰ፤ የበቀቀን አፍ ያለው፣ አራት እግሩን ተክሎ የሚያፈጥ አውሬ።

«ወንዙ ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ጎህ ሲቀድ ይወጣል» አለችኝ ታላቅ እህቴ፣ እንዲያው ልታስፈራራኝ።

አባባ ደግሞ ከፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ ወጥተው ወንዙን የሚሻገሩት ጎህ ሲቀድ ነው። ፍርሃቴን ለማንም አልተናገርኩም፤ እኛ ቤት ክፉ ያወራ ሟርተኛ ነው፣ ያወሩት ይደርሳል። ብቻ በየማለዳው ያንን አፍ እያየሁ እጠብቃለሁ፤ አጥሩ ጋ አባባ ሲያስሉ ስሰማ ትንፋሼ ይመለሳል።

ታናናሾቼን ሳዝል ቆይቼ ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ ነው። ፊደል እንደለየሁ በጥላሸት የጠቆረውን የሥዕሉን ግርጌ አነበብኩ፤ ዳይኖሰር፤ የባለ ቀንዶቹ ቀደምት ዘመድ፣ እሱ ግን ቀንድ ያላወጣ፤ በግ የሚያህል፤ ሰው ሳይፈጠር፣ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የኖረ፤ ምግቡ ቅጠል። «ቅጠል» የምትለዋን ቃል በጣቴ ደጋግሜ ነካኋት። ከዚያ ወዲህ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንደዚያች ቃል ደረቴን ያቀለለልኝ ግን አልገጠመኝም።

ቤቱ ከነአውሬው ፈርሷል፣ እማዬም የለችም። ያን እሑድ ግን ሽታው ገፋፋኝና ሶፋው ላይ ለተቀመጡት አባባ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«በግ የምታህል ቅጠል በሊታ፣ እኔን?» ብለው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔስ ጅቡን ነበር የምፈራው፣ ልጄ። እናንተ እንዳትፈሩ አልተናገርኩም እንጂ፣ አጥሩ ጋ ቆሜ የማስለው ድምፄ መንቀጥቀጡን እስኪተው ነበር» አሉኝ።