ልጅቷ ለምን ሞተች?

ሊይዙኝ የመጡት ሦስት የታጠቁ ወጣቶች ነበሩ። ደረጃ ሲወጣ ለሚያለከልክ ሽማግሌ መምህር ሦስት ጠመንጃ! እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ኮራሁ። ያስገቡኝ እንጅባራ ዳር ባለ የድሮ የእህል መጋዘን ነው። መስኮት የለውም፤ የሲሚንቶው ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ የድንች ሽታ ግድግዳውን አልለቀቀም። ሃያ ያህል ሰዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል።

"ፖለቲከኛ ነዎት?" አለኝ ከእስረኞቹ አንዱ ወጣት።

"ለፍላፊ ነኝ" አልኩት። እውነቴን ነው፤ ያስያዘኝ ባጃጅ ውስጥ ያወራሁት ነው።

አጠገቤ አንድ የዘንገና ገበሬ ነበር። በየቀኑ ቀትር ላይ ሴት ልጁ ስንቅ ታመጣለች። ጠባቂው ከበሩ ስሙን ይጠራል፤ እሱ ግን አይነሳም። "ለመምህር ስጡ" ብሎ የእስረኛ ደረቅ ዳቦውን ይቆረጥማል። ለምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ። ሽሮው ግን ይጣፍጥ ነበርና ጥያቄዬን አሳደርኩት።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ወጣቶቹ እስረኞች "መምህር፣ እስቲ ተረት" አሉኝ። ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ምን አለው? የድሮ የእንግሊዝ ልብ ወለድ። ንግሥት ትገዛቸው በነበረ ዘመን ይጻፉ ከነበሩት ከብዙዎቹ ቀላቅዬ አንድ ነገርኳቸው። የባለርስት ልጅ የአንድ ገበሬ ሴት ልጅ ያታልላል። ታረግዛለች። አባቷ ያባርራታል። ሕፃኗን ታቅፋ በበረዶ ውስጥ ትንከራተታለች።

"ያታለላትስ?" አለ አንዱ።

"ሌላ አገባ። ርስቱንም ወረሰ።"

"እዚያም እንዲህ ነው እንዴ!" ሳቁ።

"እሷስ?" አለ ገበሬው። ከዕለት ቃሉ ሌላ ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

"ሞተች።"

"ምን አግኝቷት?"

"ምንም። እንዲህ ያለችዋን መጨረሻ ላይ ይገድሏታል፤ የመጻሕፍቱ ወግ ነው" አልኩ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ጣቴን አንስቼ። "አባትየው አስከሬኗ ላይ ወድቆ ይቅር ይላታል፤ አንባቢ ያለቅሳል፤ መጽሐፉ ያልቃል።"

ገበሬው አፈጠጠብኝ። "ከሞተች በኋላ?"

"አዎ።"

"ይህን ነው ለልጆች ሲያስተምሩ የኖሩት?"

ጣቴን አወረድኩ።

"እኔም አባርሬያለሁ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ጥሊሊ ሰው ቤት ወለደች። እርስዎ የሚበሉት የሷን ስንቅ ነው።"



ቀትር ላይ ስሙ ተጠራ። ተነሣ። በሩ ተከፍቶ ስለነበር ሁላችንም አየን። ልጅቷ ሕፃን አዝላለች። አባቷን ስታይ ደንግጣ ወደ ኋላ ተራመደች። ደንቡ፣ ምግቡ እንዳይጠረጠር፣ ስንቅ ያመጣ ሰው ጠባቂው ፊት መቅመስ አለበት። "ቅመሽ" አላት ጠባቂው። እጇን ወደ ሳህኑ ዘረጋች።

"እሷ አትቀምስም" አለ ገበሬው።

"ደንብ ነው፣ አባቴ።"

"የልጄ እጅ አይጠረጠርም።" ሳህኑን ተቀበላትና፣ እንደቆመ፣ ሁላችንም እያየነው፣ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዋጠ። "ይኸው ቀመስኩ። የሚጠራጠር አለ?"

ጠባቂው ቀና ብሎ ደመና ያይ ጀመር። ገበሬው ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ በአዊኛ አንድ ነገር ጠየቃት። እዚህ አገር ዕድሜዬን ኖሬ አዊኛዬ ከገበያ አያልፍም፤ ይህን ግን ሰማሁት፤ የሕፃኑን ስም ነው የጠየቃት።

የዚያን ቀን ምሳ አልደረሰኝም። ተገቢ ነው።

ለምን እንዳሰሩኝ ሳይነግሩኝ ፈቱኝ። ዛሬ ግን ከእንቅልፌ የሚያባንነኝ መጋዘኑ አይደለም። በየዓመቱ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን አስተምሬ ፈተና ላይ "ልጅቷ ለምን ሞተች?" እያልኩ እጠይቅ ነበር፤ "ኃጢአት ስለሠራች" ላለ ሁሉ ሙሉ ነጥብ። ዳንግላ ሳስተምር አንዲት ተማሪ፣ "ጸሐፊው በሕይወት ብትኖር ምን እንደሚያደርጋት ስላላወቀ" ብላ ጻፈች። በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠኋት። ከሥሩም "መጽሐፉን በደንብ አንብቢ" ብዬ ጻፍኩባት።